ያልተራገፈው ጨርቅ

እትዬን «የአቧራ ጠላት» ብዬ የሰየምኳት እኔ የጋለሪው ዘበኛ ነኝ። እዚሁ ስታጸዳ ኖራ ፀጉሯ ሸብቷል፤ አቧራ ካየች ግን ዛሬም እንቅልፍ የላትም። ወንበሬ ላይ ትንሽ ከቆየሁ እኔንም ጠርጋ የምትጥለኝ ይመስለኛል።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ የአንዲት ሠዓሊ ዐውደ ርዕይ ሊከፈት ነበር። ሥዕሎቿ ዓይነ ግቡ ናቸው፤ ግን ዛፍ ፈልጎ ዛፍ የሚያገኝባቸው የለም። ወንዙ ሰማያዊ ጭረት ነው፤ ጫካው አረንጓዴ ጉም። ትልቁ ሥዕል ገና ሳይሰቀል ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። አንድ ሠራተኛ ለመስቀያው ከበላዩ ያለውን የጡብ ግድግዳ በስቶ ሄደ። እትዬ ገብታ ሥዕሉ ጥግ ላይ ቀይ ብናኝ አየች። ከጡቡ የወረደ መስሏት በእርጥብ ጨርቋ ጠረገችው።

ሠዓሊዋ መጥታ ባዶውን ጥግ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማነው የነካው?»

ጉዳችን ፈላ! እንግዶች በር ላይ ተሰብስበዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ማዶ ሰዓቱን እየጠቆመ ያቁነጠንጠኛል። እትዬ ብትክድ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አሳልፌ አልሰጣትም።

«እኔ ነኝ ልጄ። የግድግዳው አቧራ መስሎኝ።»

«የምን አቧራ? የአባቴ ማሳ እኮ ነው! ፎቅ ሊሠሩበት ሳይቆፍሩት የዘገንኩት አፈር ነው፤ ገና ላጣብቀው ነበር። ሌላ የለኝም። የት ደፉት?»

እትዬ ጨርቅ ቤት ውስጥ አታራግፍም፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ አጥፋ ጓሮ ነው የምትወስደው። በዚህ አመሏ ስንቴ ስቄባታለሁ። ከሽርጧ ኪስ ጨርቁን አወጣች።

«አልተራገፈም» አለች።

ሠዓሊዋ እጥፉን ገለጠች። አፈሩ ረጥቦ ጓጉሏል እንጂ አልጠፋም። ሙጫ ቀባችና በጣቷ እየቆነጠረች መለሰችው። ጥጉ ጠቆር፣ ሻከር አለ፤ እንደ በፊቱ አልሆነም። አላቀፈቻትም፣ አላመሰገነቻትም፤ ገና ተናዳለች። «ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው» ብላ ዞር አለች። ሥራ አስኪያጁ ገባ፤ እኔና እሱ ቀስ ብለን ሰቀልነው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ እንግዳ ሲመጣ በጓሮ በር ነበር ውልቅ የምትለው። ያን ማታ ግን እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ሥዕሉ አጠገብ ቆመች። አንድ ከረባት ያሰረ ጌታ ጥጉን ሊዳስስ ጣቱን ሲዘረጋ ፊቱ ተደነቀረች።

«እንዳይነኩ ጌታዬ፤ አቧራ አይደለም። የሰው አባት ማሳ ነው።»