ኦቦ ገመቹ ያላስጨረሱን ፊልም

ትናንት ልጄ በስልኳ የከፈተችውን የህንድ ፊልም በዘፈኑ ለየሁት። በልጅነቴ ቡራዩ፣ ኦቦ ገመቹ ቪዲዮ ቤት አይቼዋለሁ። ኦቦ ገመቹ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ይተረጉሙልን ነበር። ህንድኛ የት እንደተማሩ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ያን ቀን ፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት በጠና ታማ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ካሴቱን አወጡት። ሰዉ ሲያጉረመርም፣ "ተበላሽቷል። እናትየዋ ድና ቤቷ ትገባለች፣ በቃ" አሉ። ስንወጣ ወደ እኔ እያዩ በር ላይ ለቆመው ወንድማቸው፣ "የዚች ልጅ እናት ሆስፒታል ተኝታለች" ሲሉት ሰማሁ። ከካሴቱ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም።

ትናንት እስከ መጨረሻው አየሁት። እናትየዋ ትሞታለች።

የእኔም እናት አልዳነችም። ግን ያኔ፣ ካሴቱ በወጣ ማግስት ሆስፒታል ሄጄ ፊልሙን ስተርክላት፣ "ዳነች?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። "አዎ፣ ቤቷ ገባች" አልኳት።