ቆሞ የቀረው እንግዳ

ጋሽ ሽፈራው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። የሳሊተ ምሕረት ሰፈር የሚያውቃቸው ግን በዚያ አይደለም፤ በእድሩ ነው። ለቅሶ ሆኖ ድንኳን ሲተከል አግዳሚውን የሚደረድሩት፣ የሚመጣውን ሰው ከበር ተቀብለው ቦታ የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብለው ይነሣሉ፤ ሌላውንም ያስነሣሉ። አንድ ሰው ቆሞ ከቀረ ያን ቀን እህል አይወርድላቸውም።

አሁን ብዙ ነገር ይረሳሉ። በቅርቡ ብቻቸውን ወጥተው ሲኤምሲ አደባባይ ላይ፣ በመኪና መሐል ቆመው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ቢሩክ የግቢው በር ይቆለፍ ይላል። እንቢ ያለችው እህቱ ምንትዋብ ናት።

«አባዬን እስረኛ አናደርገውም» አለች። «ባሻው ጊዜ እኔ አብሬው እወጣለሁ።»

«አንድ ቀን ከእጅሽ ቢወጣስ?»

«አይወጣም።»

«ከወጣ በሩ ይቆለፋል። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ምንትዋብ አባቷንና ልጇን ብሩክታይትን ይዛ ወደ ቦሌ ወረደች። ብሩክታይት በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር የቆሙትን ሐውልቶች አንድ በአንድ ማየት ከፈለገች ቆይታለች። መጀመሪያ ያገኙት ልጅ ያዘለች ሴት የነሐስ ሐውልት ነበር። ጋሽ ሽፈራው ኮፍያቸውን አነሡ።

«እንደምን ዋሉ» አሉ።

ብሩክታይት ሳቀች። «አባባ፣ ሐውልት እኮ ናት።»

«ብትሆንስ? እንዲያው ዝም ብለሽ ልታልፊያት ነው?»

ምንትዋብም ሳቀች። ቀኑ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ነበር።

እልፍ ሲሉ ምርኩዝ ይዞ የቆመ ከብረት የተሠራ ሽማግሌ አገኙ። አጠገቡ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ጋሽ ሽፈራው ጎንበስ ብለው፣ «ኖር፤ ይቀመጡ» አሉት። መልሱን ጠበቁ። ከኤርፖርቱ በኩል ሰማዩ እየጠቆረ ነበርና ምንትዋብ እጃቸውን ሳብ አደረገች።

«ይቀመጣሉ አባዬ። ና እንሂድ።»

«ቆመው ቀሩ እኮ» አሉ፣ ወደ ኋላ እየዞሩ።

«በኋላ ይቀመጣሉ።»

ከአሮጌ የመኪና ዕቃ የተገጣጠመው ፈረስ ጋ ሲደርሱ ብሩክታይት «ፎቶ አንሺኝ» አለች። ምንትዋብ ስልኩን በሁለት እጇ ለመያዝ የአባቷን እጅ ለቀቀች። ልጅቷ በፈረሱ ሆድ ሥር ገብታ ሳቀች፣ ቦታ ቀየረች፣ እንደገና ሳቀች። ምንትዋብ ዞር ስትል አጠገቧ ማንም የለም።

መጀመሪያ አልጮኸችም። ሰው እያየ አባቷን ጮክ ብላ መጣራት አፈረች። ቀስ ብላ «አባዬ» አለች፤ ከዚያ ጠንከር አድርጋ። ከዚያ አስፋልቱን አየች። መኪናው እየከነፈ ያልፋል። የአደባባዩ ነገር ትዝ አላትና ልጇን እየጎተተች ወደ ማቋረጫው ሮጠች።

እዚያ የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ደረቱ ላይ ሙስአብ የሚል ስም ተጽፏል። «ተረጋጊ እህቴ። ምን ለብሰዋል?» አላት።

ጠዋት ሸሚዛቸውን የቆለፈችው እሷ ናት፤ ግን ቀለሙ ሊመጣላት አልቻለም። የአባቷን መልክ እንኳ ለአፍታ አጣችው።

«ቡናማ ኮት፣ ግራጫ ኮፍያ» አለች ብሩክታይት።

«በዚህ አልተሻገሩም» አለ ሙስአብ። «ከዚህ አልተንቀሳቀስኩም። ወደ ኋላ ፈልጊ።»

ተመለሱ። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ፤ ሰዉ ወደ ሱቆቹ በረንዳ ተጠጋ። መንገዱ ላይ የቀሩት የማይንቀሳቀሱት ብቻ ነበሩ። ከሩቅ የቆመ ሁሉ አባቷን ይመስላል። ወደ አንዱ ሮጣ ትከሻውን ያዘች፤ ቀዝቃዛ ነሐስ ነው። እጇን እንደተቃጠለ ሰው አነሣች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጠራ። ቢሩክ መሆኑን ሳታይ አወቀች፤ አላነሣችውም።

«እማዬ» አለች ብሩክታይት። «አባባ ያንን ሽማግሌ ቆመው ቀሩ ብሎ ነበር እኮ።»

ከመቀመጫው አጠገብ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ምንትዋብ የትኛው አባቷ እንደሆነ ለመለየት አንደኛው እስኪተነፍስ መጠበቅ ነበረባት።

ጋሽ ሽፈራው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ራሳቸው ረጥቧል፤ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለዋል።

«አባዬ፣ ቁጭ በል። ትወድቃለህ።»

«እሳቸው ሳይቀመጡ?»

ክንዳቸውን ይዛ ብትጎትታቸው እንቢ አሉ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። እሷም ማልቀስ ጀመረች። ብሩክታይት ያን ጊዜ ከብረቱ ሽማግሌ ጀርባ ሄዳ ድምፅዋን አጎረነነች።

«በእግዜር፣ ይቀመጡ። እኔን ወገቤን ያመኛል፤ መቆም ይሻለኛል።»

ጋሽ ሽፈራው አሰቡበት። «ወገብ ከሆነማ» አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቀና ብለውም ምንትዋብን አዩአት።

«እርስዎም አረፍ ይበሉ እመቤቴ» አሏት።

ተቀመጠች። እሳቸው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ላስቸግርዎ። ልጄ በዚህ ታልፋለች፤ ምንትዋብ ትባላለች። ስታጣኝ ትደነግጣለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈሪ ናት። ካዩአት፣ አባትሽ እዚህ ተቀምጧል ይበሉልኝ።»

«እሺ» አለች። ስትፈልገው የነበረው ሰው ተገኝቷል፤ ፍርሃቷ ግን እንዳለ ነው።

ስልኩ እንደገና ጠራ። አሁን አነሣችው።

«የት ናችሁ? አባዬስ?» አለ ቢሩክ።

«ኦሎምፒያ ሳይደረስ። መኪና ይዘህ ና።» ኮፍያውን መልሳ አባቷ ራስ ላይ ደፋች። «ያንን የበሩን ቁልፍ ገዝተሃል?»



ጋሽ ሽፈራው በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። ምንትዋብ የረጠበ እጃቸውን ይዛለች።

«መጣች?» አሏት።

«እየመጣች ነው» አለች።