አንካሳዋ መርከብ

በስደት በምኖርበት አገር፣ እንግልውድ በምትባል ከተማ ውስጥ አንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ቤት እየተመላለስኩ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ሥራው ሆም ኬር ነው። ጠዋት አስነስቼ አጥባቸዋለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ አስረክቤያት ወደምኖርበት ወደ አውሮራ እነዳለሁ። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን አይለይም። እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንተ ብያቸው ስለማላውቅ፣ እዚህም የማወራው በልቤ እንደያዝኳቸው ነው።

ወሬ አይወዱም ነበር። የመስሚያ መሣሪያቸውን የሚያደርጉት ልጃቸው ስትመጣ ብቻ ነው፤ ከእኔ ጋር በእጅ ምልክት እንግባባለን። ወራት እንዲህ ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት መሳቢያቸውን ሳስተካክል፣ በካልሲ የተጠቀለለ የብር ምልክት አገኘሁ። በግራና በቀኝ ዶልፊን፣ መሐሉ ላይ ሰርጓጅ መርከብ አለው። የሰርጓጅ መርከበኞች ምልክት መሆኑ ስለገባኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩና እንደ ድሮዬ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ጆሯቸው አመለከቱ፤ መሣሪያውን አምጣልኝ ማለታቸው ነው።

በወጣትነቴ ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ማገልገሌን ነገርኳቸው። ሥራችን ወደ አሰብ የሚሄዱትንና ከዚያ የሚመጡትን የጭነት መርከቦች ማጀብ ነበር። ሲሰሙ ፈገግ አሉ።

«እንግዲያው አንተ ከላይ ነበርክ» አሉኝ። «እኔ ከታች።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁርስ ካለቀ በኋላ መስኮቱ አጠገብ እንቀመጣለን። በአንዴ አልነገሩኝም። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያሉ አንድ ወር ፈጀባቸው።

ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ። የሰርጓጅ መርከቧ ጆሮ እሳቸው ናቸው። ከቁም ሳጥን በማትሰፋ ጥግ ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ከሩቅ የሚሰማው ፕሮፔለር፣ መርከብ የሚገፋው ተሽከርካሪ ብረት፣ የማን እንደሆነ መለየት ነበር ሥራቸው። የጭነት መርከብ ቀስ ብሎ በከባዱ ይመታል፤ የጦር መርከብ ይጣደፋል። በሦስተኛው ጉዟቸው አድማስ ላይ ጢስ አዩ። አምስት የጭነት መርከቦች በሁለት አጃቢ ታጅበው በሰልፍ ይሄዳሉ። አዛዡ ቀድመዋቸው ሄደው መንገዳቸው ላይ ሊጠብቋቸው ሲያስብ ከባድ ዝናብ ወረደና ሁሉም ነገር ከዓይን ጠፋ።

ያገኟቸው በጆሮ ነው። ከአምስቱ የአንዷ ፕሮፔለር ጫፉ ሳይሰበር አልቀረም፤ ሦስት ጊዜ ደህና ይመታና አራተኛው ላይ ይደክማል። እንደሚያነክስ ሰው። መርከበኞቹ አንካሳዋ አሏት። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላውን ሁሉ ትተው የእሷን እርምጃ ተከተሉ። ሽማግሌው ሲያወሩ በጣታቸው የወንበሩን ክንድ ይመቱ ነበር፤ ሦስት ጠንካራ፣ አንድ ደካማ። መቼ እንደምትደክም፣ ሌሎቹም መቼ ለእሷ ሲሉ ፍጥነት እንደሚቀንሱ ማወቅ ጀምረው እንደነበር ነገሩኝ። ምግብ የሚበሉት እንኳ ማዳመጫውን ሳያወልቁ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠራ። አዛዡ ከውኃ በላይ ብቅ በሚለው መመልከቻ፣ በፔሪስኮፕ፣ አነጣጥሮ በውኃ ውስጥ የሚወነጨፉ ቶርፒዶዎች ተኮሰ። ሁለት መርከቦች ተመቱ። ከፍንዳታው በኋላ ማዳመጫውን መልሰው ሲያደርጉ የሚሰምጡትን ሰሙ። መርከብ ስትሰምጥ ብረቷ ይጨመደዳል፤ ድምፁ እስከ ታች ድረስ ይከተላል። «በሩ ሁሉ በአንዴ የሚዘጋ ቤት ይመስላል» አሉኝ።

ወዲያው አጃቢዎቹ ደረሱባቸው። ወደ ጥልቁ ወረዱ፤ ድምፅ እንዳይሰማ ሞተር ጠፋ፣ ሰው ጫማውን አወለቀ። የጥልቅ ውኃ ቦንብ ለሰዓታት ሲወርድባቸው አምፖሉ ረገፈ፣ አየሩ ከበደ፣ አንድ ጓደኛቸው ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። በመጨረሻ ቦንቡ ቆመ። አጃቢዎቹ ትንሽ ፈቀቅ አሉ እንጂ ገና አልሄዱም፤ ስለዚህ ፔሪስኮፕ ማውጣት አይቻልም። አዛዡ የቀሩትን ቶርፒዶዎች መተኮስ ፈልጓል፤ ግን ከሽማግሌው ጆሮ ሌላ ዓይን አልነበረውም።

በዚህ መካከል ነው አንካሳዋን የሰሟት። ሰልፏን ትታ ወደ ኋላ እየተመለሰች ነበር። ቀስ አለች፣ ቀስ አለች፣ ሁለቱ መርከቦች የሰመጡበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ለምን እንደቆመች ገባቸው። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው እያወጣች ነው። የቆመች መርከብ ደግሞ ማንም አይስታትም።

አዛዡ መጥቶ ትከሻቸውን ያዘ። «አንካሳዋስ?» አለ።

«ጠፋችብኝ» አሉት።

አዛዡ ትንሽ አይቷቸው ሄደ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ያ ምት እንደገና ተነሣ፤ ሦስት ጠንካራ፣ አንድ ደካማ፤ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እሱንም ለማንም አልተናገሩም።

ይህን ሲጨርሱ ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር። ላሞቅላቸው ስነሳ እጄን ያዙኝ። «አንተ ከላይ የነበርክ ሰው ነህ፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

የራሴን ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ የምናጅበው መርከብ ተመትቶ ሰዎች ባሕር ውስጥ ገቡ። ትእዛዛችን እንዳንቆም ነበር፤ ብንቆም እኛም እንመታለን። እኔ ከመርከባችን ጎን ብረቱን ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ሰው ውኃ ውስጥ እጁን አነሣ። አልጮኸም። ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው ብቻ አነሣው። በአጠገቡ አለፍን። በኋላ ጀልባ መጥቶ ጥቂቶቹን እንዳወጣ ሰማሁ፤ እሱ ከነሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የእሳቸው ነገር እኔ እንዳሰብኩት ቀላል እንዳልሆነ አስረዱኝ። አንካሳዋ ምን እንደጫነች አያውቁም። ጥይት ከሆነ፣ ያ ጥይት የራሳቸውን አገር ልጆች ገድሎ ይሆናል። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው፣ እኔ ሁልጊዜ እሳቸው የሚመስለኝ የወታደር ፎቶግራፍ የሟች ባለቤታቸው ወንድም ነው። እዚያው ባሕር ላይ፣ በዚያው ዓመት ሞቷል። ሃምሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ለባለቤታቸው መናገር ያቃታቸው ለዚህ ነው።

«ማንን እንዳዳንኩና ማንን እንዳስገደልኩ ሳላውቅ ሰባ ዓመት ኖርኩ» አሉኝ።

ለልጃቸው እንዲነግሯት ለመንኳቸው። በሳምንቱ፣ ልጃቸው ከሥራ መጥታ እኔ ጃኬቴን ስለብስ፣ እንድቀመጥ ጠየቁኝ። እሷንም አስቀመጧት። ያን ሁሉ ወር የፈጀ ታሪክ ለእሷ በግማሽ ሰዓት ጨረሱት። የመኪና ቁልፏን እንደያዘች አንድም ጊዜ ሳታቋርጥ ሰማች። ሲጨርሱ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ሄደች፤ ፎቶግራፉ ፊት ብዙ ቆየች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባዬ፣ ለእማዬ መንገር ነበረብህ» አለች። «ትቆጣ ነበር። ምናልባት አንድ ዓመት አታናግርህም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ትተውልህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ እንደራባቸው ተናገሩ፤ እሷም ተነሥታ ሾርባ አሞቀች።

ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ትመጣ ጀመር። የአዛዡን ፀባይ፣ እንዴት እንደሚተኙ፣ ጨለማው ውስጥ ምን ያወሩ እንደነበር ትጠይቃለች። የመስሚያ መሣሪያውንም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ተነሥተው ራሳቸው ያደርጉት ነበር። አንድ ጊዜ ስለ አንካሳዋ ጠየቀቻቸው፤ ታዝንባቸው እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ካዩ በኋላ ነው የመለሱላት።

በሚቀጥለው የፀደይ ወቅት እንቅልፍ ላይ እንዳሉ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከቤተሰቡ ጋር እንድቆም ልጃቸው ጠየቀችኝ፤ ቆምኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ውኃ ውስጥ እጁን ስላነሣው ሰው ለባለቤቴ ነገርኳት። አጋጣሚ ጠብቄ አይደለም፤ ሀቫና በሚባለው መንገድ ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ከአፌ ወጣ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች አዳመጠችኝ። ሰውየው በግምት ስንት ዓመቱ እንደነበር ጠየቀችኝ። የኔ እኩያ ይመስለኛል አልኳት።

«ስሙን አታውቀውም?»

«አላውቀውም።»

«እሺ፤ እኔ ስጸልይ አብሬ አስበዋለሁ» አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ወደ ቤት ነዳሁ።