አባቴና የዕድሩ ድንኳን

ትናንት ከሳሪስ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንድ እጁ የዛለ ሰው የጃኬቱን ዚፕ ለመዝጋት ሲታገል፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ቀልጠፍ ብላ ዘጋችለት። «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

አባቴን ስትሮክ ሲመታው አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ፣ እኛ አቃቂ በሰቃ እንኖር ነበር። በሰፈሩ ለቅሶ በሆነ ቁጥር የዕድሩን ድንኳን የሚተክለው አባቴ ነው፤ የገመድ አስተሳሰሩን ሰው ሁሉ ያደንቅለት ነበር። ከታመመ በኋላ ቀኝ እጁ ዛለ፤ ከአፉም «እሺ» ከምትል ቃል በቀር የሚወጣ ጠፋ። ለአዎም «እሺ»፣ ለእምቢም «እሺ»። ጠያቂ ሲመጣ እንደማይሰማ ሰው ጮኾ ያናግረዋል፤ አለዚያም እሱ እዚያው ተቀምጦ እኔን «ምሳ በላ?» ይለኛል። እንዴት ያበግን እንደነበር!

ሆስፒታል ያገኘናት ባለሙያ ሥራዋ፣ በሽተኛው የለመደውን እየሠራ እንዲያገግም ማገዝ ነበር። ምን ይወድ እንደነበር ጠየቀችንና ገመድ አዘዘችለት።

«በየቀኑ ይቋጥር። አንቺ ደግሞ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» አለችኝ።

ቀላል መስሏት! እሱ አንድ ቋጠሮ እስኪቋጥር ሽሮው ይፈላል፣ ይበላል፣ ሳህኑም ይታጠባል። ስንቴ ነጥቄ እንደቋጠርኩለት!

በሐምሌ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ዐረፉ። አባቴ ቀድሞኝ ወጣ። ስደርስ የድንኳኑን አንድ ገመድ ይዞ ጭቃው ላይ ተንበርክኳል። ዝናቡ ሊወርድ ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ» አለው የሰፈሩ አናጺ፣ ገመዱን ሳብ እያደረገ።

«እሺ!» አለ አባቴ፣ ይበልጥ አጥብቆ እየያዘ።

«እሺ ካሉ ይልቀቁታ!»

«እምቢ ማለቱ እኮ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ለቅሶ ቤት መጮኼ አሳፈረኝ። ግን ለወራት የታመቀ ንዴት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹ በአባቴ ላይ።

ዝናቡ መጣ። ለቀስተኛው እየረጠበ ያጉረመርማል። አባቴ በግራ እጁና በጥርሱ አሰረ፤ ተፈታበት። እጄ ወደ ገመዱ ሲሄድ ጎትቼ ኪሴ ከተትኩት። እንደገና አሰረ፤ አሁንም ተፈታ። በሦስተኛው ያዘለት። አናጺው ቋጠሮውን ሳብ አድርጎ ሞከረውና ቀጣዩን ገመድ አቀበለው።

ከዚያ ወዲህ ድንኳን ሲተከል ይጠሩት ጀመር። ንግግሩ ግን አልተመለሰም፤ ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ በዚያችው ቃል ተቆጣን፣ በዚያችው አመሰገነን።

እኔም ወደ ሃምሳ ተጠግቻለሁ። ትዕግሥት ከዕድሜ ጋር ይመጣል ይላሉ፤ ለእኔ ግን አልመጣም። ሰው ሲንቀራፈፍ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከአባቴ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ንዴቱ የእኔ፣ ሥራው ግን የባለቤቱ መሆኑን ነው።