የተዘጋው ክፍልና የቀበሪቾ ጭስ

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ በሙሉ ልቤ አምኜበት አይደለም። በሩ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ፣ ወሩ ሐምሌ ይሁን ነሐሴ፣ አእምሮዬ በጠየቅሁት ቁጥር የተለያየ መልስ ይሰጠኛል። ያልተለወጠብኝ የጭሱ ሽታ ብቻ ነው።

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ከድሬዳዋ የመጡ፣ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም እናት ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሰል አቀጣጥለው ቀበሪቾ ያጨሳሉ። ቀበሪቾውን ዘመዶቻቸው በባቡር ያመጡላቸዋል፤ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ የተቀበልኩላቸው ጊዜም አለ። ጠቆር ያለ፣ የደረቀ ሥር ነው። ተክሉ እሾሃም፣ አበባው እንደ ኳስ የተድበለበለ መሆኑን፣ ከአደይ አበባም ጋር በአንድ ቤተሰብ እንደሚመደብ ከመጻሕፍት አውቃለሁ፤ ሲያብብ ግን አይቼው አላውቅም። እሳቸውም አላዩትም። ለሁለታችንም ቀበሪቾ የሚጀምረው ከተነቀለ በኋላ ነበር።

ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል። ክፉ መንፈስ አይችለውም ይባላል። ማጨሻውን ይዘው ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ እኔ ክፍል ይዞራሉ። አንድ በር ላይ ሲደርሱ ግን ያልፉታል፤ እንዲያውም ጭሱ እንዳይገባ አስቀድመው ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይወትፋሉ። ክፍሉ የልጃቸው ነበር። ልጅቷ ለማንም ሳትናገር፣ ወደ የመን ከሚሻገሩ ወጣቶች ጋር በኦቦክ ወደብ በኩል በጀልባ ከሄደች ወዲህ ወሬዋ አልተሰማም።

አንድ ሐሙስ ያን ክፍል ለምን እንደማያጥኑት ጠየቅኋቸው። ከጨርቁ ላይ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

«ይህን ሁሉ ተምረህ ይህ ጠፋህ? ባሕሩ ወስዷት ከሆነ የምትመጣው ወደ ክፍሏ ነው። በገዛ እጄ በጭስ ላባርራት?»

ከዚያ በኋላ ድምፁን መስማት ጀመርኩ፤ ወይም የሰማሁ መሰለኝ። የጅቡቲ ቀትር ከሌሊቷ ይበልጥ ጭር ያለ ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከቤት ያስገባል። በዚያ ሰዓት ከተዘጋው ክፍል ውስጥ ነጠላ ጫማ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ይሰማል። የማራገቢያው ድምፅ ይሆናል፣ የጎረቤት ይሆናል እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። እሳቸው ግን ፍራሻቸው ላይ እንደተጋደሙ የሬዲዮኑን ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ፊታቸው ፈካ ብሎ፣ «ዛሬ ቆየት አለች» አሉኝ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለላቸው። እየተነጋገሩ ቁጭ አሉ፤ ከአማርኛው ወደ ሶማሊኛው፣ ከሶማሊኛው ወደ አማርኛው ይመላለሱ ነበር። ሲጨርሱ ደጋግመው አልሐምዱሊላህ አሉና የደወለችው ልጃቸው ራሷ እንደሆነች፣ በሕይወት እንዳለች፣ የመን ኤደን ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ እንደምትሠራ እያለቀሱ ነገሩኝ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። አሁን ለዘመድ ይደውላሉ፣ ጎረቤት ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እንባቸውን ጠርገው ከሰል ማቀጣጠል ያዙ። ቀበሪቾውን ሳይቆጥቡ ጨመሩበት። ከዚያ ወደ ልጃቸው በር ሄደው እርጥቡን ጨርቅ በእግራቸው ገፉት። ልጅቱ ደህና ከሆነች ይህ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቅሁ።

«እሷ እዚያ በሕይወት ካለች» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እስከ ዛሬ አጠገቤ ያስቀመጥኩት ማንን ነው?»

በሩን ከፈቱት። የታፈነ ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ። አልጋው እንደተነጠፈ አስታውሳለሁ። ጭሱ ሲገባ አንድ ነገር በመሐላችን አልፎ ወደ ግቢው የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አላረጋግጥም። ከዚያ ቀን በኋላ በቀትር የሰማሁት ድምፅ የለም። እሳቸውም ሬዲዮኑን ዝቅ አላደረጉም፤ ቀትር ላይ ብቻቸውን መዋል ግን ፈርተው ወደ እህታቸው ቤት ይሄዱ ጀመር።

በዚያ ስልክ ልጃቸውን ከሁሉ አስቀድመው የጠየቋትን ነገር በጆሮዬ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። እናት እንዲህ ትጠይቃለች ብዬ ማመን ስላቃተኝ፣ በኋላ እኔው የጨመርኩት ነው ብዬ ለዓመታት ተውኩት። ይህን ለመጻፍ ስነሣ ለልጅቱ ደወልኩላት። ሳታመነታ አረጋገጠችልኝ። እናቷ የት እንዳለች አልጠየቋትም፤ ደህንነቷንም አልጠየቁም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቀትር ቀትር እዚህ የምትመጪው አንቺ ነሽ?» የሚል ነበር።