ደመወዜ በየቀኑ ይወጣል

ባለፈው ማክሰኞ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት መምህርት ስልኳን አየት አደረገችና ከኋላ ላለችው ጓደኛዋ «አንቺ፣ ደመወዝ ወጣ እኮ!» ስትል አበሰረቻት። ሁለቱም ሳቁ። ረዳቱ ሳይቀር «እንግዲህ መልስ የለም!» ብሎ ቀለደባቸው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ውጭ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ኑጉ አልፎ አልፎ ቢጫ ማውጣት ጀምሯል። ልጅቷ ዓይኔን አይታ ኖሮ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። ንፋሱ ነው አልኳት። ደመወዝ ወጣ ሲባል የሚያለቅስ ሽማግሌ አይታ አታውቅም፤ ምን ብዬ ላስረዳት?

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰምና ወርቅ አስተምሬያለሁ። ቃል እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ በላዩ አንድ በውስጡ ሌላ እንዴት እንደሚሸከም፣ ለስንቱ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳይቻለሁ። አንዱን ምሳሌ ግን አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ይባል ነበር። ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ አንዲት ደብር ቅኔ የቆጠረ ሰው ነው። ሲያመሰግንህ ደስ ብሎህ ትሄዳለህ፤ መሰደብህን የምታውቀው ቤትህ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ ነው። እኔም ሁለት ዓመት እዚያው ከእርሱ ጋር ተምሬ ነበር፤ ኋላ ግን ጥዬ አስኳላ ገባሁ። የኔታ ስሄድ ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ በደጃቸው ማለፍ እንኳ አፍር ነበር።

አባታችን ሲሞት ይበልጣልም ቅኔ ቤቱን ተወ። ከቡሬ እህል የሚጭን አንድ ሾፌር አስመራ ስላለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር አወራለት፤ ለልብስ አጣቢም ለምግብ አብሳይም ሰው ይቀጥራሉ አለው። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፣ አስመራም ያኔ በአውቶቡስ የሚኬድባት ከተማ ነበረች። ስለ ካምፑ በቡሬ የማይወራ አልነበረም። ወተቱ ዱቄት ነው ይባላል። ውሻው በሰሃን ሥጋ ይበላል ይባላል። ይበልጣል ጋቢውን አጣጥፎ በአንድ ጥቅምት ሄደ። ሲሄድ ትንሽ ያስለው ነበር፤ ብርድ ነው አልን።

ያን ጊዜ ደብዳቤ የአንድ ሰው አልነበረም። ከአስመራ ደብዳቤ መጣ ከተባለ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ትጠራለች፣ ሰው መደቡን ይሞላል፣ እኔ ቆሜ አነባለሁ። ይበልጣልም ይህን ያውቃል። ለእኔ ብቻ የሚነግረኝ ነገር ቢኖረው በዚያ ሁሉ ጆሮ መካከል ማሳለፍ ነበረበት።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን አንድ ደብዳቤ መጣ። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል፦ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬ የወታደሮቹን ልብስ መተኮስ ነው፤ እንፋሎት ይበዛዋል። የዚህ አገር ነገር ልዩ ነው፤ ደመወዜ በየቀኑ ይወጣል። የኔታ ዘንድ ሄደህ ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ የጻፍኩትንም ንገራቸው።»

«በየቀኑ?» አሉ አንዲት ጎረቤታችን። «ኧረ በማርያም! በየቀኑ?»

እናቴ እልል አለች። በሳምንቱ የቡሬ ገበያ በሙሉ አሜሪካኖች ደመወዝ በየቀኑ እንደሚያወጡ አወቀ። ሁለት ጎረምሶች እንዲያውም ስንቅ ቋጥረው ወደ አስመራ ተነሡ። እኔ ደግሞ መልስ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ምነው በረሳሁት። «ደመወዝህ በየቀኑ ከሆነማ የቆዳ ጃኬት ግዛልኝ። የአንድ ቀኑ ለእኔ ይበቃኛል።» የኔታ ዘንድ ግን አልሄድኩም። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ እያልኩ ግንቦትም ሰኔም አለፈ።

በሐምሌ እናቴ ወቅሳኝ ሄድኩ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ሆኖ ደረስኩ። የኔታ ጎጇቸው ውስጥ ቆሎ እየቆረጠሙ ተማሪ ይሰሙ ነበር። ጉልበታቸውን ሳምኩና የወንድሜን ደህንነት በኩራት ነገርኳቸው።

«እንደው ቃሉን ሳታጎድል ንገረኝ እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ደመወዜ በየቀኑ ይወጣል ነው የሚለው፣ የኔታ።»

ቆሎውን አስቀመጡት። «ሥራው ምንድር ነው አልኸኝ?»

«በእንፋሎት ልብስ መተኮስ ነው።»

«ሲሄድ ያስለው አልነበረም?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ለመሆኑ በየቀኑ ደመወዝ የሚያወጣ መንግሥት የት አገር ነው ያለ? ክፈለው እስቲ ቃሉን። ክፈለው።»

«ደም» አልኩ። «ወዝ።»

«ደም እየተፋ ነው የጻፈልህ» አሉ። «መቼ ነው የደረሰህ?»

«ለዳግማይ ትንሣኤ።»

አልተቆጡኝም። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእናቴ ይበልጣል ሥራ ሊያስገባኝ ጠራኝ አልኳት። በሶና አንድ ጠርሙስ ማር አስያዘችኝ። ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ሊማሊሞን በጉም ውስጥ እየተጠማዘዝን ቁልቁል፣ ከዚያ ሽሬን አልፈን፣ በአምስተኛው ቀን አስመራ ገባሁ። በመንገድ ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል እየደጋገምኩ እሰነጥቃት ነበር። ቃሉ ቀላል ነው፤ ያን ያህል ቀላል ነገር እንዴት እንዳመለጠኝ አሁንም አይገባኝም። ምናልባት ደስታ ያደነቁራል። ምናልባትም ጃኬቱን ያኔውኑ ለብሼው ነበር።

ካምፑን ያየሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሽቦው ማለቂያ የለውም። ከሽቦው ወዲያ ሣሩ እንደ ሰው ጠጉር የተከረከመ፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፤ ከሽቦው ወዲህ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ጠራጊ፣ በጠዋቱ ዘፈን የሚያንባርቅባቸው ቡና ቤቶች፣ መንገድ ዳር በለስ በቅርጫት ይዘው የተቀመጡ ሴቶች። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፣ ግን ከውስጥ የሚጠበስ ሥጋ ሽታ መንደሩን ሞልቶታል። ጾመኛው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ያልፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ራቅ ብሎ ረጃጅም ምሰሶዎችና ወደ ሰማይ የተዘረጉ፣ ሰፌድ የሚመስሉ ግዙፍ ነገሮች ቆመዋል።

ወንድሜ ቤት የተከራየባቸው እናት አደይ ለተብርሃን ይባላሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «መጣህለት፣ ወደይ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሳሉ ሲታወቅ ከካምፑ ሥራ ተሰናብቶ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሰንብቶ፣ ሳንባው አልቋል ተብሎ ተመልሷል። ጎንደር ይቅርና እስከ ጣቢያው የሚያደርስ ጉልበት እንደሌለው ሐኪሙ ተናግሯል፤ ከሁለት ወር በፊት ቢሆን አገሩ ይገባ ነበር ብሏል።

ይበልጣል ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። ያወቅኩት በጥርሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተለውጧል።

«ምነው ከሳህ?» አለኝ እርሱ፣ ለእኔ።

ማሩን አስቀምጬ አንገቱ ሥር ተሸጎጥኩ። ጀርባዬን እየዳበሰ «ደብዳቤዬ ደረሰህ?» አለኝ።

ከቡሬ እስከዚያ ድረስ አምስት ቀን ሙሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር። ግን ፊቱን ሳይ አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ባለፈው ሳምንት ነው የደረሰኝ፣ ወንድም ዓለም። እንደደረሰኝ ተነሣሁ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ክረምት አይደል» አለ ቀስ ብሎ፤ «መንገዱ ነው። ደብዳቤውማ ምን ያድርግ?» ደግሞም፣ «ገባህ ታዲያ?»

«ወዲያው።»

«ድሮስ! አንተን መቼ ያመልጥሃል» አለና ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው።

አሥራ አንድ ቀን አብረን ነበርን። ፀሐይ ስትወጣ አቅፌ ደጅ አስቀምጠዋለሁ፤ ማሩን በሞቀ ውኃ በጥብጬ አጠጣዋለሁ። በለስ ያምረው ነበር፤ አደይ ለተብርሃን እሾሁን እየላጡ ያጎርሱታል። አንድ ቀን ወደ እነዚያ ሰፌዶች በአገጩ እያመለከተ «የእነዚህ ሰዎች ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። «ማዳመጥ ነው አሉ። ከባሕር ማዶ ሰው በሹክሹክታ ያወራውን ይሰማሉ።»

«የሰሙትን ሁሉ ይገባቸዋል?»

«የሚፈቱላቸው አሉ መሰለኝ። ቅኔ ቤት ነው በለኝ!»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያኔ ልነግረው እችል ነበር፤ ነገሩ ራሱ በሩን ከፍቶልኝ ነበር። አልነገርኩትም።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ ደጁ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ቀባሪው ጥቂት ነበር፤ የአደይ ለተብርሃን ጎረቤቶችና ከልብስ ቤቱ የመጡ ሦስት የሥራ ጓደኞቹ።

ከቀብር ስንመለስ አደይ ለተብርሃን ውኃ ሰጥተውኝ አጠገቤ ተቀመጡ። «ጠብቆህ ነበር እኮ» አሉኝ። «በሚያዝያ፣ በግንቦት፣ ያኔ እግሩ ይሄድለታል። የጎንደር አውቶቡስ በሚገባበት ቀን ሁሉ ጣቢያ ሄዶ ይቀመጣል። ወንድሜ ዛሬ ይመጣል፣ ጽፌለታለሁ፣ ብልህ ነው ይለኛል። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣለት። ከዚያ ወዲያ ጣቢያ ሄዶ አያውቅም።»

ዕቃውን ስሰበስብ ከትራሱ ሥር አገኘሁት። የራሴ ጽሑፍ ነው፤ መልሴን አንድም ቀን ስላላነሣብኝ መንገድ ላይ የቀረ መስሎኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ከመታጠፉ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል። የአንድ ቀኑ ለእኔ ይበቃኛል ይላል።

እንግዲህ ያን ጠዋት፣ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ ስለው፣ ያውቅ ነበር። ምን እንዳነበብኩ፣ መቼ እንዳነበብኩ፣ ምን ያህል እንዳልገባኝ ሁሉ ያውቅ ነበር። አውቆ ነው በክረምቱ ያሳበበልኝ።

ለእናቴ በሰላም አረፈ አልኳት፤ ይህስ ውሸት አይመስለኝም። የቀረውን ሳትሰማ ሞተች። የኔታም አለፉ። አሜሪካኖቹ ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆነ። በእኛና በአስመራ መካከል ስንት ጦርነት መጥቶ ስለሄደ፣ መቃብሩን ተመልሼ አላየሁትም፤ አሁን ባየው እንኳ አላውቀው ይሆናል።

በሽምግልናዬ ነገሩን ሳገላብጠው፣ ሞኝነቴን ለራሴ ይቅር ማለት ችያለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ጃኬት አማረኝ። ውሸቴን ግን አልቻልኩም። እንዳላሳዝነው ብዬ ነው እያልኩ ብዙ ዘመን ራሴን ሸንግያለሁ፤ እውነቱ ግን አፍሬ ነው። ደም የሚተፋ ሰው ለእኔ እፍረት መሸፈኛ ፈልጎ አለበሰኝ፤ እኔም ለብሼው ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጭኔን ተንተርሶ ሲተኛ፣ «ወንድም ዓለም፣ ሳይገባኝ ቀርቶ ነው» ማለት አቃተኝ። ይህን ለማለት ቅኔ ማወቅ አያስፈልግም ነበር።