ገና ያልጠነከረው ሰገነት

ሰፈሩ «ውሃ ልክ» እያለ ነው የሚጠራው። የከተማው የሕንጻ ተቆጣጣሪ ነው፤ ግድግዳ ካየ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በዐይኑ ሳይለካ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግን ኋላ ወንበር ላይ ኩምሽሽ ብሎ የሚቀመጥ፣ ድምፁ የማይሰማ ምእመን ነበር። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ማለቴ ነው።

ለመዘምራን የሚሆነውን የአርማታ ሰገነት የሠሩት ምእመናኑ ራሳቸው ናቸው፤ በነፃ፣ በላባቸው። መሪያቸው የውሃ ልክ አማት ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲገነቡ የኖሩ አዛውንት። ቅዳሜ ከሰዓት ሊጸልይ ጎራ ቢል፣ ሰገነቱን ከሥር ደግፈው የያዙት እንጨቶች ግቢው ውስጥ ተከምረዋል። ክው አለ። አርማታው እኮ ገና አልጠነከረም! ለካ እሁድ ምረቃ ስለሆነ፣ እንጨቶቹ መድረኩን እንዳይጋርዱ ብለው ጸልየው አንስተዋቸዋል። ጸልየው! ሲሚንቶ ጸሎት ሰምቶ ቶሎ ይደርቅ ይመስል።

ቀና ሲል ስንጥቅ አየ። ላይ ደግሞ መዘምራኑ እያጨበጨቡ፣ ወለሉን በእግራቸው እየመቱ ይለማመዳሉ። ልጁም መሃላቸው አለች።

«ውረዱ!» ብሎ ቢጮህ ተጋፍተው ሊሮጡ ነው። ዝም ቢልስ? ደረጃው ግርጌ ቆመና እንደምንም ፈገግ ብሎ፣ «ልጆች፣ ያቺን ቀስ ያለችውን መዝሙር እየዘመራችሁ፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ውረዱልኝ እስቲ» አለ። ወረዱ። ልጁ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እጇን አጥብቆ ሲይዛት «አባዬ፣ አሳመምከኝ እኮ!» አለችው።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ደረጃውን አሽጎ፣ ከሥር ያሉትን ወንበሮች በገመድ ከለለ።

«ሰኞ አይደርስም?» አሉት ቄሱ። «እዚህ ግቢ ውስጥ የመንግሥት ሰው አይደለህም፤ ልጃችን ነህ።»

«ልጃችሁ ስለሆንኩ ነዋ፣ አባ» አለ። «ሰው ከሞተ በኋላ በየትኛው አፌ ልጸልይ ነው?»

አማቱ ስንጥቁን አሻቅበው አዩና፣ «ፀጉር የምታክል ነገር! እኔን በሰው ፊት ለማዋረድ ነው» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ሚስቱም ማታ አኮረፈችው፤ አባቷ ናቸዋ።

እሁድ ሰው ጢም ብሎ ሞላ። ውሃ ልክ የታሸገው ደረጃ ጋ ብቻውን ቆመ። ያለፈ ያገደመው ይገላምጠዋል። ቄሱም «ከእግዚአብሔር ይልቅ ሰውን ለሚፈሩ ማስተዋል ስጥልን» ብለው ጸለዩ። ፊቱ እሳት መሰለ፤ ግን ንቅንቅ አላለም።

ስብከቱ መሃል ላይ፣ ደጋግመው ወደ ስንጥቁ ሲዞሩ የነበሩት አማቱ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ወደ ኋላ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው በገመዱ ሥር ገቡ።

«አባባ፣ ኧረ ይውጡ!» አለ ውሃ ልክ እየተንደረደረ።

አልሰሙትም። ስንጥቁ በደረጃው በኩል ዝቅ ብሎ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ትናንት ፀጉር ያሉት ውስጥ ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ገባ። አዛውንቱ አመድ መሰሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። ቄሱ ስብከታቸውን አቋረጡ። «ሰገነቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ድጋፉንም ያስነሳሁት እኔ ነኝ። በፊት ለፊቱ በር ቀስ እያላችሁ ውጡ። ውጭ እንጸልያለን።»

ሰው ሲወጣ እሳቸው ከደረጃው ሥር አልተነቃነቁም።

«አንተም ውጣ፣ ልጄ» አሉት። «እኔ ሰገነቴን እጠብቃለሁ።»

«አብረን ነው የምንወጣው፣ አባባ» አለና ክንዳቸውን ያዘ።